የመሪ ሌሊት የማን ነው?



በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን እንደ ጥያቄው አጭር አይደለም። አንድ ወጣት መሪ ሆኖ ሲመረጥ፣ የቀን ሥራውን ፈጽሞ ከሄደ በኋላ ያለው ጊዜ የራሱ ብቻ ነውን? ወይስ የሚመራቸው ሰዎችም በዚያ ጊዜ ላይ ድርሻ አላቸው? ባጭሩ፣ የመሪ ሌሊት የማን ነው?

ስለ መሪነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ንጉሥን፣ የጦር አዛዥን ወይም የአገር ሽማግሌን ነው። እኔ ግን ዛሬ ምሳሌዬን ከሩቅ አገር፣ ያውም ከስፖርት ሜዳ አመጣለሁ። ምክንያቱም በሃያ አንድና በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ፣ ማለትም በእኛው ዕድሜ፣ እንዲህ ያለ ሸክም በሕዝብ ፊት የሚጫንበት ሥራ ብዙ አይገኝም። ይኸውም በአሜሪካ እግር ኳስ «ኳርተርባክ» የሚባለው ተጫዋች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ይህን ጨዋታ ለማያውቁ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ በአብዛኛው የሚያዘውና የሚወረወረው በእጅ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ይሰለፋል። የሚያጠቃው ቡድን አራት ዕድል ይሰጠውና በእነዚህ ዕድሎች ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከጥቂት ጊዜ በቀር ኳሱ መጀመሪያ የሚገባው በኳርተርባኩ እጅ ነው። አሠልጣኙ ከሜዳው ዳር ሆኖ፣ በተጫዋቹ የራስ ቁር ውስጥ በተገጠመ ትንሽ ሬዲዮ ትእዛዝ ይነግረዋል፤ ይህ አሠራር በ1994 የተጀመረ ነው። ነገር ግን ለመዘጋጃ ከሚሰጠው 40 ሰከንድ ውስጥ 15 ሰከንድ ሲቀር ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚረዳው ድምፅ የለም። የተጋጣሚውን አሰላለፍ ማየት፣ ዕቅዱ የማይሆን መስሎ ከታየው ጮኾ መለወጥ፣ ኳሱን ተቀብሎም በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር መወሰን የእርሱ ፋንታ ነው።

በዚህች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይቆማሉ፤ ብዙዎቹ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ናቸው። ሥራቸው ገላቸውን ግድግዳ አድርገው ኳርተርባኩን ከሚመጣበት ማዳን ነው። ጎል የሚያገቡት እነርሱ አይደሉም፤ ስማቸውን የሚያነሣ ተመልካችም ጥቂት ነው። ኳስ ተቀባዩ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይሮጣል፤ ኳሱን ለመያዝ ሲዘልም ጎኑ ፈጽሞ የተጋለጠ ነው። ኳሱ በጊዜው ከመጣለት ይዞት ይወርዳል፤ ከዘገየበት ወይም ከፍ ካለበት ግን በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ ተከላካይ የጎን አጥንቱን ይመታዋል። እንግዲህ ልብ በሉ! የኳርተርባኩ አእምሮ ቢዘገይ ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ እርሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ጎን ነው። የመሪነት ሸክም የምለውም ይህንኑ ነው። ሸክሙ ክብሩ ወይም የጋዜጣው ፎቶግራፍ ሳይሆን፣ በአንተ ፍርድ ሌላው ሰው መጎዳቱ ወይም መትረፉ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን አስተያየት አለ። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «ወጣት ነው፤ ገንዘቡን በላቡ አግኝቷል፤ እሑድ በሜዳ ላይ ሥራውን ከሠራ ሰኞ ማታ ቢጨፍር ማን ምን አገባው?» ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መሪ የሆነ ሰው የግል ጊዜ የለውም፤ ሲበላም ሲጠጣም ሲተኛም መሪ ነው» ይላል። ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሲፈርዱ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሌሊቱን ሳይሆን የማግሥቱን ውጤት ሆኖ አገኘዋለሁ። ይህን ለማሳየት ሁለት ሰዎችን ላወዳድር።

የመጀመሪያው ጆ ኔመዝ ነው። በ1965 የኒው ዮርክ ጄትስ ቡድን 427,000 ዶላር የሚያህል ውል ሰጥቶ ሲያስፈርመው በጊዜው ወሬው አገር ያዳረሰ ነበር። ኔመዝ የሌሊት ሕይወትን አይደብቅም ነበር፤ በኒው ዮርክ የመዝናኛ ሠፈር ስም «ብሮድዌይ ጆ» እየተባለ ይጠራ ነበር። በጥር ወር 1969 ቡድኑ ለታላቁ የፍጻሜ ውድድር ከባልቲሞር ኮልትስ ጋር ሲደርስ አብዛኛው ሰው ባልቲሞር እንደሚያሸንፍ አምኖ ነበር። የ25 ዓመቱ ኔመዝ ግን ከጨዋታው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ «እናሸንፋለን» ብሎ በአደባባይ ዋስትና ሰጠ። ጥር 12 ቀን ጄትስ 16 ለ 7 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ጭፈራ፣ ያ ሁሉ የመጠጥ ቤት ወሬ፣ የጀግናው ማጌጫ ሆነ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሊጉ ኃላፊ ፒት ሮዜል ቁማርተኞች ስለሚያዘወትሩት ከሸሪኮቹ ጋር የያዘውን መጠጥ ቤት ድርሻውን እንዲሸጥ ባዘዘው ጊዜ፣ ኔመዝ እያለቀሰ ከጨዋታ መሰናበቱን ተናግሮ ነበር፤ በሐምሌ ግን ድርሻውን ለመሸጥ ተስማምቶ ተመለሰ።

ሁለተኛው ቶኒ ሮሞ ነው። በ2007 የውድድር ዘመን የዳላስ ካውቦይስ ቡድን ከ16 ጨዋታ 13ቱን አሸነፈ። በዚህም ምክንያት የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ሳምንት ሳይጫወት እንዲያርፍ መብት አገኘ። አሠልጣኙም ለተጫዋቾቹ የዕረፍት ቀናት ሰጠ። ሮሞ በእነዚህ ቀናት ከቡድን ጓደኛው ከጄሰን ዊተንና ዘፋኝ ከነበረችው ወዳጁ ጋር ወደ ሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ሄዶ ተዝናና፤ በጊዜውም ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ጥር 13 ቀን 2008 ዳላስ በገዛ ሜዳው በኒው ዮርክ ጃያንትስ 21 ለ 17 ተሸነፈ፤ የሮሞ የመጨረሻ ውርወራም በተጋጣሚው እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ሽንፈቱ ሲወራ ከጨዋታው ይልቅ የሜክሲኮው ጉዞ ይነሣ ጀመር። አብሮት የሄደው ዊተን ያን ያህል አልተወቀሰም፤ ነቀፋው በኳርተርባኩ ላይ ተከመረ። የቡድኑ ኳስ ተቀባይ ቴረል ኦውንስ ሮሞን መወንጀል አግባብ አይደለም ሲል በጋዜጠኞች ፊት እንባውን አፍስሷል። ያ ጃያንትስ ከሦስት ሳምንት በኋላ እስከዚያ ጊዜ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውን የኒው ኢንግላንድ ቡድን አሸንፎ ዋንጫውን መውሰዱን ግን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

እስቲ እናስተውል። አንደኛው ሌሊቱን በመጠጥ ቤት አሳለፈ፤ ስላሸነፈ ተሞገሰ። ሌላው በተፈቀደለት የዕረፍት ቀን ባሕር ዳር ተቀመጠ፤ ስለተሸነፈ ተወገዘ። የመጨረሻዋ ኳስ ጥቂት ስንዝር ፈቀቅ ብላ በጓደኛው እጅ ብትገባ ኖሮ፣ ያው ጉዞ «አእምሮውን አሳርፎ የመጣ ብልህ መሪ» ያሰኘው ነበር። ታዲያ ይህ ፍርድ ነውን? አባቶቻችን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ውጤት የሥነ ምግባር ሚዛን ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ውጤቱ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ዕድል አለበት፤ የተጋጣሚ ጉብዝና አለበት፤ ነፋስም አለበት።

ደግሞም ውጤት የሚያሳየን የአንድ ቀን መልክ ብቻ ነው። ኔመዝ አሸናፊ በነበረበት ጊዜ ያጌጠበት መጠጥ ቆይቶ ጠላት ሆነበት። በታኅሣሥ 2003 በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ላይ ሰክሮ በመታየቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጥሎም ሕክምና ገባ፤ በ2019 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም ከመጠጥ ጋር ስላደረገው ትግል በግልጽ ጻፈ። በ1969 ያጨበጨበለት ሕዝብ በዚያ ሕመሙ ጊዜ አብሮት አልነበረም።

እንግዲህ ውጤት ሚዛን ካልሆነ ሚዛኑ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሚዛኑ ዕዳ ነው። መሪ ከሁሉ አስቀድሞ ባለዕዳ ነው። አምስቱ ሰዎች ገላቸውን ሲሰጡት እርሱ በምላሹ ያልደከመ ዓይንና የተዘጋጀ አእምሮ ሊሰጣቸው ዕዳ አለበት። ይህን ዕዳ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ የራሱ ነው፤ ቢስቅ፣ ቢጨፍር፣ ባሕር ዳር ቢቀመጥ ማንም ሊከሰው አይገባም። ዕዳውን ሳይከፍል የሚያሳልፈው ሌሊት ግን የራሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው የወሰደው ነው። በዚህ ሚዛን ሮሞ ነጻ ነው፤ ቡድኑ በሰጠው ቀን ሄዶ በቀኑ ተመልሷልና።

ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት የጆኒ ማንዜልን ታሪክ እንመልከት። ማንዜል በ2012 በቴክሳስ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት፣ ለኮሌጅ ተጫዋቾች የሚሰጠውን ትልቁን የሄይዝማን ሽልማት ከመጀመሪያ ዓመት ተጫዋቾች መካከል ቀዳሚ ሆኖ አገኘ። በ2014 የክሊቭላንድ ብራውንስ ቡድን በ22ኛ ተራ መረጠው፤ ዕድሜው 21 ነበር። በታኅሣሥ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ሲጀምር ቡድኑ 30 ለ 0 ተሸነፈ። ይህ ነውር አይደለም፤ ማንም ይሸነፋል። ነገር ግን በሁለተኛው ጨዋታው የጭኑ ጅማት ተጎድቶ ሳለ፣ በዘመኑ መጨረሻ ጨዋታ ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ለሕክምና መገኘት ሲገባው ቀረ፤ ቡድኑም የጥበቃ ሰዎቹን ወደ ቤቱ ላከ። በጥር ወር 2015 ወደ መታከሚያ ገብቶ እስከ ሚያዝያ ቆየ። በኅዳር ወር ለቀሩት ጨዋታዎች ዋና ኳርተርባክ እንደሚሆን አሠልጣኙ ማይክ ፔቲን ባስታወቀ በሳምንቱ፣ በቡድኑ የዕረፍት ቀናት ሲጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ አሠልጣኙም ወደ ሦስተኛ ተጠባባቂነት አወረደው። በመጋቢት 2016 ቡድኑ አሰናበተው። በሁለት ዓመት ውስጥ የጀመረው ጨዋታ ስምንት፣ ያሸነፈው ሁለት ብቻ ነበር። በ2023 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ በባለሙያነት ዘመኑ የጨዋታ ፊልም ያጠና እንዳልነበረ ራሱ ተናግሯል።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ሰው ሁሉ የተነጋገረው ስለ ቪዲዮው ነበር፤ ቪዲዮው ግን የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። የማይታየው ክፍል ሳይከፈት የቀረው የጥናት ፊልም ነው። አምስቱ ሰዎች በማግሥቱ ከፊቱ ሲቆሙ፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ተጋጣሚውን አጥንቶ እንዳልመጣ እያወቁ ጉልበታቸውን ያስይዛሉ። የተወሰደባቸው ይኸው ነው። እንግዲህ «ጨፈረ ወይስ አልጨፈረ?» የሚለው ጥያቄ አነስተኛ ጥያቄ ነው። ትልቁ ጥያቄ «ከጭፈራው በፊት የሌሎቹን ድርሻ አስቀምጧል ወይ?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ከአንባብያን መካከል «በአንድ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ላይ ይህን ያህል መፍረድ ተገቢ ነውን?» የሚል ይኖራል። መልካም ተቃውሞ ነው፤ ሳንመልስለት ማለፍ አይገባም። በመጀመሪያ፣ ሸክሙን ማን እንደጫነው እንይ። በዚያ ሊግ ደንብ መሠረት አዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ ያለፈው ዓመት ደካማ ቡድን አስቀድሞ ይመርጣል። ስለዚህ ጎበዝ የተባለው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለታመመ ቡድን ነው። ከእርሱ በፊት ብዙ ሰዎች ያልቻሉትን «አንተ ታድነናለህ» ይባላል። ስሙ የታተመበት ሹራብ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ይሸጣል። ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን ያወግዛል፤ ያንኑ ሌሊት ግን ደጋግሞ እያሳየ ገንዘብ ያገኝበታል። ወጣቱን ወደ ላይ ያወጡት ሰዎች መሰላሉን ይዘው መቆም ሲገባቸው ከታች ሆነው የሚወድቅበትን ቀን ይቆጥራሉ። ይህ የትልልቆቹ ዕዳ ነው፤ ከወጣቱ ዕዳ ያነሰም አይደለም።

ሁለተኛም፣ ሕመም የሚባል ነገር አለ። ማንዜል በ2018 ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በሐኪም እንደተነገረውና መጠጥ ማቆሙን ገለጸ፤ ኋላም በፊልሙ ላይ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደርሶ እንደነበር ተናገረ። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ «ፈንጠዝያ» ብሎ ሲስቅበት የነበረው ነገር ከውስጡ ጭንቀት ነበረበት ማለት ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ዕዳው ተሰረዘ ልንል አንችልም፤ የአምስቱ ሰዎች ጉልበት በማንም ሕመም ምክንያት ብረት አይሆንምና። ነገር ግን በሰውዬው ላይ ያለን ፍርድ ሊለወጥ ይገባል። ድርጊቱን መመዘን አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መጣል ሌላ ነው። የታመመ መሪ ያለበት ዕዳ «አልቻልኩም፤ እርዱኝ» ማለት ነው። በዙሪያው ያሉትም ያለባቸው ዕዳ ይህን ቃል ሲሰማ የማይስቅ ጆሮ ማዘጋጀት ነው። ብዙ ወጣት መሪ ዝም ብሎ የሚሰምጠው ከመሪ ድካም እንደማይጠበቅ ስለሚነገረው ነው።

ሸክሙ ከባድ ነው ማለት ግን የማይቻል ነው ማለት አይደለም። በ1998 የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ የመረጠው ፔይተን ማኒንግ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ኳሱን 28 ጊዜ በተጋጣሚ እጅ ጣለ፤ ይህም ለአዲስ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን የሆነ ስሕተት ነበር። ቡድኑ ከ16 ጨዋታ 3 ብቻ አሸነፈ። በውጤት የምንፈርድ ብንሆን ኖሮ በዚያ ዓመት እርሱም የወደቀ ዛፍ ነበር። ነገር ግን ማኒንግ በጥናቱና በዝግጅቱ የታወቀ ሰው ነበር። የተሳሳተውን ፊልም ደጋግሞ ማየት ከጭፈራ ቤት ወሬ ያነሰ አስደሳች ነው፤ ማንም በጋዜጣ አያወጣውም። በተከታዩ ዓመት ያው ቡድን ከ16 ጨዋታ 13 አሸነፈ። ባያሸንፍ እንኳ ዕዳውን የከፈለ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል አለ። ይህ አባባል ሹመትን እንደ ድግስ፣ ተሿሚውን እንደ ተጋባዥ አድርጎ ያየዋል። በሩቅ አገር አንድ ወጣት «ዝናዬ ሳያልፍ ልደሰት» ብሎ ሲሮጥ፣ ቃሉን ባያውቀውም ሐሳቡ ይኸው አባባል ነው። እኔ ግን ሹመት ድግስ ከሆነ መሪው አስተናጋጅ እንጂ ተጋባዥ አይደለም እላለሁ። አስተናጋጅ ደግሞ የሚበላው እንግዶቹ ከበሉ በኋላ ነው። መብላቱ አልተከለከለም፤ ተራው ግን የመጨረሻው ነው።

ይህ ነገር ለሜዳ ሰዎች ብቻ የተነገረ አይምሰለን። ከእኛ መካከል አንዱ ለጓደኞቹ የጥናት ቡድን ኃላፊ ይሆናል፤ አንዷ የታናናሾቿን የትምህርት ወጪ ትሸከማለች፤ ሌላው ነገ ሐኪም ሆኖ ሌሊት ተረኛ ይሆናል፤ ሌላው ሰው የጫነ አውቶቡስ ይነዳል። በእያንዳንዱ ፊት ገላቸውን የሰጡ፣ ስማቸው የማይነሣ አምስት ሰዎች ቆመዋል። እነዚህን ሰዎች በስማቸው እናውቃቸዋለን ወይ? ነገ ጠዋት ከእኛ ምን እንደሚጠብቁ ጠይቀናል ወይ?

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የመሪ ሌሊት የመሪው ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን ዕዳው ሲከፈል ነው። የሌላውን ሌሊት ለመመርመር ከመነሣታችን በፊትም እያንዳንዳችን የራሳችንን ሒሳብ እንይ። አንድ ወጣት መሪ ወድቆ ስናይም ምሳር ከማንሣታችን በፊት፣ ሸክሙን ሲጭኑበት እኛም ከጫኞቹ መካከል ነበርን ወይ ብለን እንጠይቅ።